በኮኛክ የታማው ፓስታ

መማር ጥሩ ነው ይላሉ። እኔም እላለሁ። ነገር ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ፣ አንዲት የባሕር ማዶ ቃል ጮክ ብዬ በማንበቤ ብቻ የአባቴን ምሳ ወደ ችሎት ለውጬዋለሁ። ዝም ብል ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር። ሰው ያነበበውን ሁሉ መናገር የለበትም፤ ይህን ግን ትምህርት ቤት አያስተምሩም።

ቆይ፣ ከመሐል ጀመርኩ። ወደ ኋላ ልመለስ።

ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከከዚራ ሰፈር ጀርባ ነው። የሦስት ወንድ ቤት ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ የወተት ጥርሴን ሳልጨርስ ነው። አባቴ ባቡር ላይ ቲኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ዛሬም እንግዳ ሲገባ ከፊቱ በፊት እጁን ነው የሚያየው፣ ቲኬት ይዞ እንደሆነ። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ደግሞ የቤቱ እናት ነበር። ይህን ፊት ለፊት ብነግረው በጭልፋ ይለኝ ነበር፤ ግን እውነት ነው። በልጅነቱ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ምግብ ቤት ሳህን ሲያጥብ ፓስታ መሥራት ተማረ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ቤታችን ፓስታ ነው። ስጎው የራሱ ነበር፦ ሥጋ፣ ቲማቲም፣ ከሙን፣ ለሽታ ያህል ሄል፣ ከዚያ ዓይን የሚያስለቅስ ቃሪያ።

ጀማል ፓስታ መብሰሉን የሚያውቀው በጥርሱ አልነበረም። አንድ ክር ከድስቱ ይመዝና ግድግዳው ላይ ይወረውረዋል። ከተጣበቀ በስሏል። ከወደቀ ገና ነው። ጣሊያኑ እንዲያ ነው ያስተማረው። የተጣበቀውን ግን አያነሳውም፤ እዚያው ይደርቃል። ስለዚህ የወጥ ቤታችን ግድግዳ በደረቁ የፓስታ ክሮች ተሞልቶ ነበር፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የተጠማዘዘ፣ አንዱ እንደ ማጭድ የጎበጠ። አባቴ «ይሄ ልጅ ግድግዳዬ ላይ ዐረብኛ ይጽፋል» ይል ነበር።

ጀማል ወደ ሰሜን ዘመተ። ከዚያ ወረቀት መጣ። ስለ ወረቀቱ አልጽፍም። ወረቀቱ ራሱም ብዙ አልጻፈም።

በዚያው ሰሞን ቀበሌው፣ ለአብዮት በዓል ቤት ሁሉ ውስጥም ውጭም ኖራ ይቀባ፣ ተቆጣጣሪም ይመጣል ብሎ አዘዘ። ውጩን ቀባሁ። ሳሎኑን ቀባሁ። የወጥ ቤቱንም ሦስት ግድግዳ ቀባሁ። አራተኛው ጋ ስደርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ሥራ ይመጣብኝ ነበር። ኖራው ባልዲው ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆነ።

አባቴ ደግሞ መብላት ተወ። ጨርሶ አይደለም። ሦስት ጊዜ ይጎርስና «አልሐምዱሊላህ» ብሎ እጁን ይታጠባል። ስኳር በሽታ አለበት፤ ኪኒኑን ግን አይረሳም። ኪኒን ውጦ ሳይበላ ሲውል፣ አንድ ቀን መስጊድ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ሁለተኛ ከወደቀ ላይነሳ ይችላል፤ የሚበላውን ፈልግለት» አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅሁት።

«አባ፣ ምን ቢሠራልህ ትበላለህ?»

የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግረን፣ አሸዋውን ከጫማችን ካራገፍን በኋላ ነው የመለሰልኝ።

«ፓስታ» አለ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የከለከለው ደግሞ ፓስታን ነው። «ፓስታ ማለት ክር ሆኖ የተፈተለ ስኳር ነው» ብሎ ነግሮናል። እንግዲህ አስቡት። አባቴ ካልበላ ይወድቃል፤ የሚበላው ፓስታ ብቻ ነው፤ ፓስታ ከበላ ደግሞ ስኳሩ ይነሣበታል። ፓስታ ያልሆነ ፓስታ ያስፈልገኝ ነበር።

በድሬዳዋ የሌለ ነገር ሲያስፈልግ የሚኬደው አዴ ሐዎ ጋ ነው። አዴ ሐዎ ከግቢያችን ግንብ ማዶ የምትኖር ሶማሌ ጎረቤታችን ናት፤ ሥራዋ ጅቡቲ ደርሶ መመለስ ነው። ስትሄድ እንደ መርፌ ቀጭን ናት። ስትመለስ በባቡሩ በር በጎን ነው የምትወጣው፤ ስድስት ቀሚስ ደርባ፣ በየቀሚሱ መሐል ሱቅ ሸሽጋ። የጉምሩክ ፊናንሶቹ «አዴ፣ ወፈርሽ እኮ!» ሲሏት «የባሕር አየር ነው» ትላለች። አማርኛዋ የራሷ ነው፤ ወንድ ሁሉ ለሷ «አንቺ» ነው። «አንተ» ካለች ተቆጥታለች ማለት ነው።

ጭንቀቴን ነገርኳት። «ሃዬ፣ ተይው ለኔ» አለች። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች፤ ስትራመድ ሆዷ እንደ ጠገበ ግመል ይንቦጫረቃል። ጓዳ ገባች፣ በዝርዝር የማልናገረውን ያህል ቀሚስ አወለቀች፣ አምስት የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ወጣች። ከረጢቶቹ ውሃ ሞልተዋል። በውሃው ውስጥ ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ላያቸው ላይ ዶሮ የተራመደበት የሚመስል የሩቅ ምሥራቅ ጽሑፍ አለ።

«የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው የሰጠኝ» አለች። «አገራቸው ስኳር ያለበት ሰው ይሄን ይበላል አለኝ። ስኳር የለም፣ ዱቄት የለም፣ ቅባት የለም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«ምንም!» አለች በኩራት።

በሆዴ፣ ምንም የሌለበት ነገር ከሆነ የቀበሌ ሱቅ ውስጥ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ለዚህ ጅቡቲ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ አልኩ። በአፌ ግን አመሰገንኩ። ምን ልስጥሽ ስላት እጄን መታችኝ።

«ወሪያ! ጀማል ጣቢያ ላይ ስንት ጊዜ ጥቅሌን ተሸከመች! በይ ያዢ፣ ሂጂ፣ አባትሽን አብያት።»

ዓርብ ደረሰ። አባቴ ወደ ጁምዓ ሲወጣ «ዛሬ ፓስታ አለ» አልኩት። አየኝ። ቆቡን አስተካከለ።

ስጎው አላስቸገረኝም። ተምሬው አይደለም። ግን አሥር ዓመት ሙሉ ጀማል አጠገብ ቆሜ ሽንኩርት የላጥኩት እኔ ነኝ። እጄ ራሱ ከሙኑን ቆነጠረ፣ እጄ ራሱ «ይበቃል» አለ። ሽታው ሲወጣ ወደ ግቢ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ። ቃሪያው ነው። ቃሪያው ዓይኔን አቃጥሎኝ ነው።

ከዚያ ወደ ክሩ ዞርኩ።

የመጀመሪያውን ከረጢት ስቀደው ወጥ ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ድሬዳዋ ዓሣ የምታውቀው በቆርቆሮ ብቻ ነው። ድመቶች ግን ያውቃሉ፤ ከየት እንደሚያውቁ አላህ ይወቅ። መጀመሪያ የኛዋ መጣች፣ ከዚያ የአዴ ሐዎ፣ ከዚያ ከዚራ ውስጥ ባለቤት የሌላቸው ሁሉ። ክሩን አጥቤ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። የኛ ውሃ፣ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ የሚሠራ ውሃ ነው። ድንጋይ መሥራት የቻለ ውሃ ክር ማብሰል አያቅተውም ብዬ ነበር።

እንደ ወንድሜ አንድ ክር መዝዤ ወረወርኩ። ግድግዳውን ነካው፣ ተንሸራተተ፣ ወደቀ። ገና ነው።

ቆየሁና ሁለተኛ ወረወርኩ። ይሄኛው አልተንሸራተተም፤ ነጥሮ ተመለሰና ግንባሬን መታኝ።

ከሰል ጨመርኩ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሰባተኛ ወረወርኩ። ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ አንድ ሰዓት ሆነ። ክሩ እንደ ገባ ነው፤ አላበጠም፣ አልለሰለሰም፣ አልተቆጣም። እኔ ግን በስዬ ነበር። ላብ ከአገጬ ይንጠባጠባል። የኛ ድመት ከወደቁት አንዱን አነሣች። አኘከች። አኘከች። ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ አውጥታ እግሬ ሥር በአክብሮት አስቀመጠችልኝና ሄደች። ሌሎቹም ተከትለዋት ወጡ። ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ በሥርዓት የተበተነ ጉባኤ አላየሁም።

ቀና ስል የጀማል ክሮች ግድግዳው ላይ ነበሩ። ስንት ወር ሆኗቸው፣ አንዱም አልወደቀም። የኔ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየልኝም። ወንድሜ ጥሎልኝ ከሄደው ሥራ ሁሉ ቀላሉ ይሄ ነው ብዬ ነበር።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳ። አባቴ ብቻውን አልነበረም። ሐጂ ዑመር አብረውት ነበሩ፤ የባቡር ዘመን ጓደኛው፣ የሰፈራችን የሐላልና የሐራም ዳኛ። አባቴ መስጊድ ውስጥ «ልጄ ፓስታ ሠርቷል፣ ና» ብሎ ጠርቷቸዋል። ወረቀቱ ከመጣ ጀምሮ አባቴ ሰው ምሳ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው።

ምን ላድርግ? አቀረብኩ። ክሩን በሳህን አድርጌ ስጎውን አፈሰስኩበት። ስጎው ክሩን እንደማያውቀው ሰው በጎን አልፎት ሳህኑ ሥር ተቀመጠ። ክሩ ከላይ ነጭ ሆኖ አብረቀረቀ። አባቴ አላየም፤ ሽታውን ነበር የሚስበው። ዓይኑን ጨፍኖ ሳበው። «ቢስሚላህ» አለና በሹካው ጠቅልሎ አነሣ።

«ቆይ እስቲ» አሉ ሐጂ። ሹካቸው ላይ ያለውን ክር ወደ መስኮቱ አንሥተው ብርሃኑን በውስጡ ያያሉ። «ይሄ ከየት የመጣ ፓስታ ነው?»

«ከጅቡቲ ነው ሐጂ። ለስኳር በሽተኛ የሚሆን።»

«ስሙስ?»

ይሄኔ ነው ትምህርቴ የተነሣብኝ። ሮጬ ከረጢቱን አመጣሁ። ከዶሮው እግር ጽሑፍ በታች በላቲን ፊደል አንድ ቃል አለ። ደረቴን ነፍቼ፣ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።

«ኮ… ኛ… ኩ።»

የአባቴ ሹካ ከከንፈሩ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ።

«ምን?» አሉ ሐጂ።

«ኮኛኩ።»

«የቱ ኮኛክ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ሐጂ፤ ኮኛኩ ነው የሚለው።»

«አስተግፊሩላህ!» ሐጂ ሳህኑን በሁለት እጃቸው እንደ ጊንጥ ገፉት። «ኮኛክ እንኳ አላለም፤ ኮኛኩ! የታወቀው!»

አባቴ ሹካውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ልቤ አብሮት ተቀመጠ። «እኔ ኮኛክ አውቃለሁ» አለ። «አልቀመስኩም፤ አንደኛ ማዕረግ ውስጥ ፈረንጆቹ ሲጠጡት አይቻለሁ። ቀለሙ እንደ ሻይ ነው። ይሄ ነጭ ነው።»

«ሲታጠብ ይነጣል» አሉ ሐጂ።

«አዎ፣ ታጥቧል!» አልኩ እኔ ለማገዝ። «ደግሞ ደጋግሜ ቀቅዬዋለሁ።»

«አየህ!» አሉ ሐጂ ወደ አባቴ ዞረው። «ራሱ መሰከረ። የሚታጠብ ነገር ባይኖረው ለምን ያጥበዋል?»

በግንቡ ላይ አዴ ሐዎን ጠራኋት። ነገሩን እንደ ሰማች ራሷ ከግንቡ በላይ ወጣ፤ በምን ላይ እንደ ቆመች አላውቅም።

«አንተ!» አለችኝ። ቀዘቀዝኩ። «ኮኛክ? እኔ ሐዎ፣ ሐራም ሆዴ ላይ አስሬ ከጅቡቲ ልመጣ? በአምስት ፌርማታ ሶላቴን ስሰግድ ኮኛክ ታጥቄ ነው? ወላሂ ቢላሂ፣ ሥር ነው! ከመሬት የሚቆፈር ሥር፣ እንደ ድንች! ሰውዬው በእጁ አሳይቶኛል!»

«በእጁ ኮኛክንም ማሳየት ይቻላል» አሉ ሐጂ።

ከዚያ በኋላ የተናገረችው በሶማልኛ ነው፤ ባልተረጉመው ይሻላል። አባቴ ፎጣውን አንሥቶ እጁን ሊጠርግ ሲል አየሁ። ሦስት ጉርሻ እንኳ አልጎረሰም። ኪኒኑን ጠዋት ውጧል።

«ሐጂ!» አልኩ። «የሚያውቅ ሰው ይቅመሰዋ! ኮኛክ የሚያውቅ!»

ሁላችንም፣ አዴ ሐዎም ከግንቡ ላይ፣ ሳንነጋገር ወደ አንድ አቅጣጫ ዞርን። ወደ ጋሽ ታደሰ ቤት። ጋሽ ታደሰ የባቡር መካኒክ የሆነ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። ከመጠጥ ጋር ያለው ዝምድና ከሚስቱ ቤተሰብ ጋር ካለው ይቀድማል።

በሽርጥና በካናቴራ መጣ። ጉዳዩ ሲነገረው ፊቱ በራ። ሳህኑን ሲያይ ግን አዘነ።

«ዛሬ ዓርብ ነው፣ ጾም ነኝ። ሥጋ አልነካም። ያለ ስጎ ከሆነ እመሰክራለሁ።»

«ኮኛክ ካለበትስ?» አለ አባቴ።

«ኮኛክ የጾም ነው።»

ባዶውን ክር በሳህን ሰጠሁት። አሸተተ። ዓይኑን ጨፈነ። ጎረሰና አኘከ። ጥርሱ ሥር ሲጥጥ ይላል፤ አዲስ የጎማ ጫማ ሲራመድ የሚሰማው ድምፅ ነው። ሐጂ አንገታቸውን አስግገዋል።

«እህስ?»

«ይጨመርልኝ። ቸኩዬ በሐሰት አልመሰክርም።»

ጨመርኩለት። ያንንም ጨረሰ።

«አሁንስ?»

«ከሥር ከሥር የሆነ ነገር ሊመጣ ነው መሰለኝ። ትንሽ…»

ሦስተኛውን ሳህን ጨርሶ አፉን ጠረገ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊት ነበረው።

«ሐጂ» አለ፣ «በሃይማኖቴ እነግርሃለሁ። ኮኛክ የለበትም። ጠብታ የለበትም። ኮኛክ ቀርቶ ጨው የለበትም፣ ጣዕም የለበትም። ምንም የለበትም! ከልጅነቴ ጀምሬ ጾሜአለሁ፣ እንዲህ ያለ ጾም ግን አይቼ አላውቅም። ይሄ የጾም ምግብ አይደለም፤ ራሱ ጾሙ ነው።»

ሐጂ ዑመር ጢማቸውን ዳበሱ። ከግንቡ ላይ አዴ ሐዎ «ሰማሽ?» አለች። ሐጂ ሳህናቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«እንግዲህ ቢስሚላህ» አሉ።

አሁን አባቴ ቀረ። ፎጣው እጁ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ሹካውን አነሣ፣ ጎረሰ። ሲጥጥ አለ። አኘከ። ሌላም ጊዜ አኘከ። ከዚያ አቆመና ትክ ብሎ አየኝ።

«አብስለኸዋል?»

«አዎ አባ።»

«ወረወርከው?»

መዋሸት ፈለግሁ። አልቻልኩም።

«ወረወርኩት።»

«እና?»

«ወደቀ።»

ተነሣ። ከሳህኑ አንድ ክር በጣቱ አንጠልጥሎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። እኛም ተከተልነው፤ ጋሽ ታደሰ ሳህኑን እንደያዘ ነው። አባቴ እዚያ ወጥ ቤት ከወረቀቱ ወዲህ አልገባም ነበር። ግድግዳው ፊት ቆመ፣ እጁን እንደ ጀማል ወደ ኋላ ሳበ፣ ወረወረ። ክሩ ነጠረ። ዞሮ የሐጂ ዑመር ቆብ ላይ አረፈና እንደ ዘርፍ ተንጠለጠለ።

ሐጂ ልብ አላሉም። «የታል? የት ደረሰ?» እያሉ መሬት መሬት ያያሉ።

አባቴ ያኔ ሳቀ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ውሃ ላመጣ ነበር። ሳቅ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሆዱን ይዞ፣ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲስቅ እጁ ከደረቁት ክሮች አንዱ ላይ አረፈ፤ እንደ ማጭድ የጎበጠው፣ ከሁሉም በላይ ያለው። ሳቁ ቆመ። ዕንባው ግን አልቆመም።

«ይሄ የመጨረሻው ዓርብ ነው?» አለኝ።

«አዎ። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው።»

በጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው፤ ዐረብኛ እንደሚያነብ ሰው፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ከዚያ ፊቱን በፎጣው ጠርጎ ወደ ሳሎን ተመለሰና ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ» አለ፣ «ክርህ የጫማ ማሰሪያ ነው። ስጎው ግን የወንድምህ ነው። ጨምርልኝ።»

ጨመርኩለት። በማንኪያ በላው። ክሩንም ከስጎው ጋር አብሮ በላው፣ እየሰደበው። ሦስተኛ ጉርሻ አለፈ፣ አራተኛ አለፈ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ጋሽ ታደሰ ስጎውን እያየ ዓርብን ረገመ። አዴ ሐዎ በግንቡ ላይ ሳህኗን ዘረጋች፤ ለኔም «አንቺ» አለችኝ፣ ታረቅን ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ስጎ አለ። አዴ ሐዎ ክሩን ስታገኝ በክሩ፣ ስታጣ ያለ ክሩ። አባቴ ሁለተኛ አልወደቀም።

የቀበሌው ተቆጣጣሪ በበዓሉ ዋዜማ መጣ። አባቴ እንደ ልማዱ እጁን አየ፤ ሰውየው የያዘው ቲኬት ሳይሆን ደብተር ነበር። ውጩን አየ፣ ጥሩ ነው አለ። ሳሎኑን አየ። ወጥ ቤት ገባና ሦስቱን ነጭ ግድግዳዎች አይቶ አራተኛው ጋ ቆመ። ጠጋ ብሎ ጥፍሩን ወደ ክሩ ሰደደ።

«ይሄስ ምንድነው?»

አባቴ በሰውየው ጥፍርና በግድግዳው መሐል ገብቶ ቆመ።

«እሱ በስሏል» አለው። «አትንካው።»